ጥላ ያለበት ሰፈር

ስለ ድሬዳዋ የሚጽፍ ሰው ሁሉ ከባቡሩ ይጀምራል። እኔም ከዚያው መጀመሬ ነው፤ ወደዚያች ከተማ ታሪክ የሚያስገባ ሌላ በር የለምና። አፄ ምኒልክ ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡሩን ሥራ የፈቀዱት በ1886 ዓ.ም. ነው። ኢልግ ከፈረንሳዊው ነጋዴ ከሌዎን ሸፍኔ ጋር ሆኖ ኩባንያ አቆመ፤ ሐዲዱን ከጅቡቲ ጀምሮ የመዘርጋቱ ሥራም በ1890 ዓ.ም. ተጀመረ። በመጀመሪያው ውጥን ባቡሩ ሐረር መግባት ነበረበት። ነገር ግን ሐረር 1,850 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተቀመጠች የተራራ ከተማ ናት፤ ከቆላው ወደ እርሷ የሚያወጣው ዐቀበት ኩባንያው ያልነበረውን ገንዘብ የሚጠይቅ ሆኖ ተገኘ። ሐዲዱም ተራራውን ቀና ብሎ አይቶ በግርጌው አለፈ። በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ባቡሩ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደረቅ የወንዝ አሸዋ የሚያቋርጠው ሜዳ ላይ ቆመ። በቆመበትም ከተማ በቀለ።

ለዚህች ከተማ በመጀመሪያ የታሰበላት ስም «አዲስ ሐረር» ነበር፤ ስሙ ግን አልበረከተም። የአገሩ ሰው ቦታውን በራሱ ስም ይጠራው ነበርና ድሬዳዋ ሆና ቀረች። ስለ ስሙም ሁለት ትርጓሜ ሲነገር ኖሯል፤ አንዱ «የመድኃኒት ሜዳ» ነው ይላል፣ ሌላው ዲር የተባለው የሶማሌ ጎሣ አባት ጦሩን የተከለበት ስፍራ ነው ይላል። እኔ በልጅነቴ የሰማሁት እንደ ተናጋሪው ጎረቤት ቋንቋ ይለያይ ነበር፤ ከሁለቱ አንዱን ለመምረጥ ዛሬም አልቸኩልም።

የመጀመሪያው ኩባንያ ገንዘቡ አልቆ ወደቀ፤ በእርሱ እግር ሌላ ኩባንያ ተተካ። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ባሉት ዓመታት ድሬዳዋ የዓለም መጨረሻ ያህል ሆና ኖረች፤ ባሕር አቋርጦ የመጣ ዕቃ ሁሉ ከፉርጎ ወርዶ በግመልና በበቅሎ የሚጫንባት፣ ቡናና ቆዳ ከግመል ወርዶ ወደ ፉርጎ የሚገባባት ቦታ። ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ዐረቡ፣ ህንዱ፣ ፈረንሳዩ ከኦሮሞው፣ ከሶማሌው፣ ከሐረሪውና ከአማራው ጋር የተቀላቀለው ያን ጊዜ ነው።

ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ መጻሕፍትም ጽፈውታል። ሆኖም እዚያ ተወልዶ ላደገ ሰው አንድ ነገር ይጎድለዋል። የሐዲዱ ርዝመት 784 ኪሎ ሜትር መሆኑን፣ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር መሆኑን፣ የትኛው ኩባንያ መቼ እንደ ከሰረ ይነግረኛል፤ አንድም የማውቀው ሰው ግን አላገኝበትም። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከድሬዳዋ ወደ አውሮፓ ይላኩ በነበሩት የፖስታ ካርዶችም ላይ ጣቢያው አለ፣ ባቡሩ አለ፣ ገበያው ከሩቅ አለ። ሰው ካለም ስም የለውም። ይህ የኩባንያው ታሪክ ነው። አባቴ ከሃያ ዓመት በላይ በምድር ባቡሩ ጥገና ክፍል፣ እኛ በፈረንሳይኛው «አተልዬ» በምንለው ግቢ፣ ብረት ሲቀጠቅጥ የኖረ ሰው ነውና ይህ ጉድለት ለእኔ የቤቴ ጉድለት ነው።

ወደ ካሜራው ልምጣ። ከድሬዳዋ የወጣሁት በዐሥራ ስምንት ዓመቴ ነው። ከዚያ በኋላ በሄድኩ ቁጥር በስልኬ መቶም ሁለት መቶም ፎቶግራፍ አነሣ ነበር፤ አንዱንም መልሼ አላየሁትም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ግን በሶቪየት ኅብረት የተማረው አጎቴ ከመሳቢያው ሥር አንዲት ዜኒት ካሜራ አውጥቶ ሰጠኝ። ዜኒት የምታውቋት ታውቋታላችሁ፤ ክብደቷ የጡብ፣ ድምጿ የበር መቀርቀሪያ ነው። ባትሪ አትፈልግም። በግንባሯ ላይ ያለው የብርሃን መለኪያ ከራሱ ከብርሃኑ ኃይል እየወሰደ መርፌ ያንቀሳቅሳል፤ ባለ ካሜራው መርፌው ያመለከተውን አንብቦ የሌንሱን ቀዳዳና የመዝጊያውን ፍጥነት በእጁ ያስተካክላል። በአንድ ጥቅል ፊልም ላይ 36 ፎቶግራፍ ብቻ አለ። ፊልሙ አገር ቤት እንደ ልብ አይገኝም፤ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ በልመና ያመጣዋል። ስለዚህ ሰው አንዷን ቁልፍ ከመጫኑ በፊት ቆሞ ያያል፤ ግድግዳውን ያያል፣ ፀሐይዋን ያያል፣ መርፌውን ያያል። ተወልጄ ያደግሁበትን ሰፈር ያን ያህል ቆሜ አይቼው አላውቅም ነበር።

ያነበብኩት የመጀመሪያው ታሪክ በመርፌው ላይ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። የሌንሱ ቁጥሮች 16፣ 11፣ 8፣ 5.6 እያሉ ይወርዳሉ፤ አንድ ደረጃ በወረዱ ቁጥር ቀዳዳው ይሰፋና የሚገባው ብርሃን በእጥፍ ይጨምራል። እኩለ ቀን ላይ በደቻቱ ወንዝ ደረቅ አሸዋ መካከል ብትቆሙ፣ ፈጣን በሚባለው ፊልም መዝጊያውን የመጨረሻው ፍጥነት ላይ አድርጋችሁ ቀዳዳውን እስከ 16 ድረስ ማጥበብ አለባችሁ፤ ዜኒት ከዚያ የምትሰጣችሁ ትርፍ የላትም። ከዚያ ድልድዩን ተሻግራችሁ ወደ ከዚራ ግቡና ከዛፎቹ ሥር ቁሙ። መርፌው እስከ 5.6 ይወርዳል። ሦስት ደረጃ ነው፤ በሌላ አነጋገር አሸዋው ላይ ያለው ሰው ከዛፉ ሥር ካለው ሰው ስምንት እጥፍ ብርሃን በራሱ ላይ ተሸክሟል። ርቀታቸው የእግር መንገድ ነው።

ይህ ልዩነት ከሰማይ የወረደ አይደለም። ከዚራ የባቡሩ ሰፈር ነው። መንገዶቹ ሰፋፊና ቀጥ ያሉ፣ በማስመሪያ የተሠመሩ ናቸው፤ ከተማው ገና በወረቀት ላይ ሳለ የባቡሩ ሰዎች ጣቢያውን ማዕከል አድርገው አውጥተውታል። ቤቶቹ ጣሪያቸው ከፍ ያለ፣ ግድግዳቸው ወፍራም፣ በረንዳቸው ሰፊ ነው። በመንገዱ ግራና ቀኝ ዛፍ ተተክሏል። ፀሐይዋን የሚፈራ መጻተኛ አስቀድሞ ለራሱ ጥላ ሠራ ማለት ነው። በዚህ አልፈርድበትም፤ እኔም ብሆን እተክል ነበር። ከዛፎቹም አንደኛው የከተማዋን ስም ይዞ ቀርቷል። ግንቦት ሲገባ እሳት የለበሰ የሚመስለውን፣ አበባው ቅጠሉን የሚሸፍነውን ዛፍ በመላው አገር ሰው «የድሬዳዋ ዛፍ» ይለዋል። ትውልዱ ግን ማዳጋስካር ነው። እንደ ብዙዎቹ የከተማዋ ነዋሪዎች ከባሕር ማዶ መጥቶ የድሬ ልጅ ተባለ።

እዚህ ላይ ጥቁርና ነጭ ፊልም አንድ ተንኮል አለው። የዛፉን ቀይ አበባና አረንጓዴ ቅጠሉን ለመለየት ዐይን የለውም፤ ሁለቱንም በአንድ ግራጫ ያወጣቸዋል። የድሬዳዋን ዛፍ አበባ ያለ ቀለም ማየት ለድሬ ልጅ ከባድ ነገር ነው። እኔ ግን ወደድኩት። አበባው ሲጠፋ ጥላው ታየኝ፤ የዛፉ ነገር ሁሉ ከሥሩ መሬት ላይ የተዘረጋው ጨለማ ሆነ፣ ጨለማው ላይም ሰዎች ተቀምጠዋል። ጫማ የሚጠርገው፣ ሎተሪ የሚያዞረው፣ ቆሎ የምትሸጠው፣ ከሰዓት በኋላ ጫቱን ይዞ የሚሰየመው። ዛፉን የተከሉት ሰዎች ከሄዱ ቆይተዋል። ጥላውን የወረሰው ማን እንደ ሆነ ያን ጊዜ አስተዋልኩ።

መጋላ ሌላ ነው። ከደቻቱ ማዶ ያለው ይህ የንግድ ሰፈር በማስመሪያ አልወጣም። መንገዶቹ ጠባብና ጠማማ ናቸው፤ ቤቶቹ ለመንገዱ ጀርባቸውን ሰጥተው ወደ ግቢያቸው ይመለከታሉ። ዛፍ እምብዛም የለም፤ ጥላውን የሚሠራው ግድግዳ ነው። ጧት አንደኛው ግንብ ለመንገዱ ጥላ ይሰጣል፣ ከሰዓት በኋላ ተራው የፊት ለፊቱ ነው። ሰውም ከጥላው ጋር ይዛወራል። ልጅ ሳለሁ በመጋላ ነጋዴ ሁሉ ጧት በአንድ በኩል፣ ማታ በሌላ በኩል ለምን እንደሚቀመጥ ጠይቄ አላውቅም፤ እግሬ ያውቀው ነበርና። ካሜራ ይዤ ስመለስ ግን አንዲትን መንገድ በሦስት የተለያዩ ሰዓቶች አንሥቼ ፊልሙን ጎን ለጎን ባደርገው፣ ያው መንገድ ሦስት መንገድ ሆነ። የሚያስቸግረው እኩለ ቀን ነው። ድሬዳዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ከዘጠኝ ዲግሪ ተኩል በጥቂት በምታልፍ ኬክሮስ ላይ ስለምትገኝ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ፣ ፀሐይዋ በቀጥታ አናት ላይ ትቆማለች። ያን ቀን የሰው ጥላ ከእግሩ ሥር ይገባል፤ የመጋላ ግድግዳም ለማንም የሚሰጠው የለውም። ሱቆች ይዘጋሉ፣ ከተማዋ ትተኛለች። ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ስንፍና ነው ይላል።

ከፊራ ገበያ ልገባ ስል በሩ ላይ ብዙ ቆሜአለሁ። የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያላቸው ቅስቶቹ ከዐረብ አገር የተነቀሉ ይመስላሉ። በቅስቱ ሥር የሚያልፈው ሰው ከብርሃን ወደ ጨለማ፣ ከጨለማ ወደ ብርሃን ይገባል፤ ፎቶ አንሺ ከዚህ የተሻለ ስጦታ አያገኝም። አንዲት ቲማቲም ሻጭ ግን ካሜራዬን ከላይ እስከ ታች አይታ «ይሄ ደግሞ የአያትህ ነው?» አለችኝ፤ የአጎቴ ነው ብላት ሳቀች። ፎቶዋን ስለ ፈቀደችልኝ እንድታየው ፈልጋ እጇን ዘረጋች። አሁን አይታይም፣ ታጥቦ ነው ስላት «እንግዲያው ተበዳሪ ነህ» አለችኝ። በፊልም የሚያነሣ ሰው ሁሉ ተበዳሪ ነው፤ ሄዶ መመለስ አለበት። ከፊራ ተመልሼ የሄድኩት ዕዳዬን ልከፍል ነው፤ ባልበደር ኖሮ ሁለተኛ አልሄድም ነበር።

በሁለቱ ሰፈሮች መካከል ደቻቱ አለ። ዓመቱን ሙሉ ለማለት ይቻላል ደረቅ አሸዋ ነው። ለእኛ ኳስ ሜዳችን፣ ለነጋዴው ገበያው፣ ለግመሉ መንገዱ ነበር። የማንም ያልሆነ ክፍት ቦታ ስለ ነበረም ሌላ ቦታ ያላገኘ ሰው በዳርቻው ጎጆውን ይቀልስ ነበር። ከዚራም ያልደረሰው፣ የመጋላ ግድግዳም ያላስጠጋው፣ ከገጠር የመጣው፣ ከጦርነት የሸሸው እዚያ ነበር። ዜኒት ቀዳዳዋን አጥብባ የምትጨርሰው፣ ፊልሙ ላይ ከብርሃን ብዛት ዝርዝሩ የሚጠፋው ያ ቦታ ነው። በከተማዋ ውስጥ ጥላ ያልተሰጠው እርሱ ነበር።

ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት፣ ከተማው ተኝቶ ሳለ፣ ከደቡብ ካሉት ተራሮች የወረደው ጎርፍ በደቻቱ መጣ። ከ250 የማያንሱ ሰዎች ሞቱ፤ የደረሱበት ያልታወቀ ነበሩ፤ ብዙ ሺህ ሰው ቤት አልባ ሆነ። ጎርፉ ማንን እንደ ወሰደ ለማወቅ የድሬዳዋ ሰው ዝርዝር አያስፈልገውም፤ በአሸዋው ዳር ማን ይኖር እንደ ነበር ያውቃል። እኔ ያን ጊዜ አዲስ አበባ ነበርኩ። ስልክ ስደውል የሰማሁት የሰፈር ስም እንጂ የሰው ስም አልነበረም። የከዚራ ዛፎች ግን እንደ ቆሙ ነበሩ።

በዚያው አሸዋ ላይ ፊልም ያጠፋሁት ብዙ ነው። ቦታው ዛሬ ሌላ መልክ አለው፤ በወንዙ ግራና ቀኝ የጎርፍ መከላከያ ግንብ ቆሟል። አንድ ሙሉ ጥቅል የፈጀሁበት ቀን አለ። ከሠላሳ ስድስቱ ውስጥ አንድ ሰው የሚታይበት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ የተቀረው ግንብ፣ አሸዋና ብርሃን ነው።

ስለ ፊልም ማጠብ ደግሞ ጥቂት ልበል፤ እርሱም ራሱ ታሪክ አለውና። ፊልም የሚታጠብበት መድኃኒት 20 ዲግሪ ሙቀት ላይ ሲሆን ነው ደንበኛ ሥራውን የሚሠራው። ድሬዳዋ ከቧንቧ የሚወርደው ውሃ በሙቀት ወራት ከዚያ እጅግ ይበልጣል፤ በረዶ ከመጠጥ ቤት ተገዝቶ በባልዲ ይመጣል። ሁለተኛው ጣጣ ኖራው ነው። የከተማዋ የከርሰ ምድር ውሃ ኖራ የበዛበት ነው፤ የሻይ ጀበናችንን ውስጥ ያየ ያውቀዋል። ፊልሙ ታጥቦ ሲደርቅ ውሃው ነጠብጣብ ጥሎበት ይቀራል፤ ነጠብጣቡ ሲታተም ጥቁር ሰማይ ላይ ኮከብ ይመስላል። መፍትሔው ከነዳጅ ማደያ የሚገዛው የባትሪ ውሃ ነው። ለመጨረሻው እጥበት ሁለት ጠርሙስ ይበቃል።

ይህን ችግር ከእኔ በፊት የቀመሰ አንድ ታዋቂ ሰው አለ። ፈረንሳዊው አርቱር ራምቦ ግጥም መጻፉን ከተወ በኋላ ለንግድ ቤት ተቀጥሮ ሐረር ሲኖር፣ በ1875 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1883) ካሜራ ከአገሩ አስመጣ። ራሱን አንሥቶ ለእናቱ በላከው ደብዳቤ ላይ ፎቶግራፎቹ የነጡት ባጠበበት መጥፎ ውሃ ምክንያት መሆኑን ገልጿል። ድሬዳዋ ገና አልተወለደችም ነበር፤ ከሃምሳ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ ከተራራው በላይ፣ የምሥራቁ ውሃ ፎቶግራፍ ማበላሸት ጀምሮ ነበር ማለት ነው። ራምቦ ካነሣቸውና እስከ ዛሬ ከደረሱት ጥቂት ፎቶግራፎች አንዱ ለቡና የሚሆን የቆዳ ስልቻ የሚሠራን ሰው ያሳያል። ሰውየው መሬት ላይ ተቀምጦ ሥራውን ይዟል። ስሙ አልተጻፈም። (በነገራችን ላይ ሐረር ውስጥ «የራምቦ ቤት» እየተባለ የሚጎበኘው ውብ የእንጨት ቤት እርሱ ከሞተ በኋላ የተሠራ ነው። ይህን ለአስጎብኚዎቹ መንገር ግን ምንም አይጠቅምም።)

ስም የሌላቸው ሰዎች ነገር ወደ አባቴ ይመልሰኛል። አባቴ በወጣትነቱ የተነሣው ፎቶግራፍ አንድ ብቻ ነው፤ በ1964 ዓ.ም. ከተማዋ ውስጥ ከነበሩት ፎቶ ቤቶች በአንዱ። ከኋላው በቀለም የተሣለ ሐይቅና በረዶ የለበሰ ተራራ አለ፤ ሠዓሊው በረዶ አይቶ እንደማያውቅ ያስታውቃል። አባቴ ኮት ለብሷል። ኮቱ ግን የእርሱ አይደለም። ያን ጊዜ ፎቶ ቤቶች ለደንበኛ የሚያውሱት ኮትና ከረባት ነበራቸው፤ ሠራተኛው ከአተልዬ ዘይት የነካው ሸሚዙን ለብሶ ይመጣል፣ ኮቱን ይደርባል፣ ጌታ ሆኖ ይነሣል፣ ኮቱን መልሶ ይሄዳል። የአባቴ ፎቶግራፍ ጀርባ ላይ «ለማይረሳኝ ማስታወሻ» የሚል ጽሑፍ አለ፤ ለማን እንደ ሆነ እናቴ እስከ ዛሬ ትጠይቃለች።

በአንዱ ጉዞዬ የጎረቤቶችን አልበም ማገላበጥ ጀመርኩ። በሦስተኛው ቤት ያንኑ ኮት አገኘሁት። በአምስተኛውም እንደገና። የግራው ክሳድ ጫፍ ትንሽ ስለ ታጠፈ አይሳትም። እስካሁን በዚያ ኮት ውስጥ ሰባት ሰዎች አግኝቻለሁ፤ ከእነርሱ አራቱ የምድር ባቡር ሠራተኞች፣ አንዱ የልብስ ሰፊ፣ አንዱ በኋላ መምህር የሆነ፣ አንዱ ማንነቱ ያልታወቀ። እጅጌው ለአንዱ ይረዝማል፣ ለሌላው ያጥራል። የኩባንያውን ታሪክ በፈረንሳይኛ የሚያነብብ ሰው ይህን ኮት አያገኘውም።

ፎቶ ቤቱ ከተዘጋ ቆይቷል፤ ባለቤቱ ግን በሕይወት አሉ። ከዘጠና ዓመት ብዙም የማይርቁ ሽማግሌ ናቸው። «እንደምን ዋሉ ጋሼ፣ እርስዎ...» ብዬ ስጀምር አላስጨረሱኝም። «አንተ በለኝ። በዚህ ከተማ እርስዎ የሚባል ነገር ከየት መጣ? አዲስ አበባ አበላሸችህ።» እውነታቸውን ነው፤ ድሬዳዋ አንቱታ አይበቅልም። በጽሑፍ ግን እርስዎ ልበላቸው፤ ቢሰሙም አይዙኝም።

ያነሡትን ሁሉ ኔጌቲቭ አስቀምጠው ነበር። በየዓመቱ በሣጥን፣ ሣጥኑ በመደርደሪያ። በነሐሴ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ከተማዋን ሊይዝ ዳርቻዋ በደረሰ ሰሞን ሰው ፎቶ ለመነሣት ተሰልፎ እንደ ነበር ነገሩኝ። «ገበያው ደራ ለማለት አፍሬ ነበር» አሉ። «ሁሉም ቀጥ ብሎ ነው የሚያየው። ሳቅ ብዬ አላልኩም።» ያ ሣጥንም ነበር። ታዲያ ፎቶ ቤቱ ከደቻቱ ብዙም አይርቅም ነበርና የ1998ቱ ጎርፍ ውስጡ ገባ። እርሳቸው በሥርዐት የሚሠሩ ሰው ናቸው፤ አሮጌውን ከታች፣ አዲሱን ከላይ ነበር የሚደረድሩት። ውሃው የታችኛውን ሦስት መደርደሪያ ወሰደ። የተረፈው የቅርቡ ዘመን ነው፤ በቀለም የተነሣው፣ የሠርግና የምረቃው። የ1964ቱ ሣጥን የነበረው ከሥር ነው።

ከጓዳ አንድ የጋዜጣ ጥቅል አመጡልኝ። ጭቃው ደርቆ፣ ኔጌቲቮቹ እርስ በርስ ተጣብቀው እንደ ጡብ የሆኑ ክምር ነበር። ልጆቻቸው እንዲጥሉት ነግረዋቸው እርሳቸው እምቢ ብለዋል። «አንተ ውሃ የምታውቅ ነህ፤ ሞክረው» አሉኝ። የፎቶግራፍ ምስል የሚቀመጠው በፕላስቲኩ ላይ በተቀባው የጄላቲን ሽፋን ውስጥ ነው፤ ጄላቲን ደግሞ ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይጣበቃል። ለማላቀቅ መልሶ ማራስ ያስፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ ግን ምስሉ ከአንዱ ተላጦ በሌላው ጀርባ ላይ ይቀራል። ድሬዳዋ ላይ አልሞከርኩትም፤ የኖራውን ነገር ስለማውቅ አዲስ አበባ ይዤው መጣሁ። በባትሪ ውሃ፣ በቀዝቃዛ፣ አንድ ቅዳሜና እሑድ ሙሉ። ከክምሩ አብዛኛው ባዶ ሆኖ ወጣ፤ ጠርዙ ላይ የክርን ቁራጭ፣ የወንበር እግር፣ የተሣለው ሐይቅ አንድ ጥግ። አባቴ አልተገኘም።

አንዱ ብቻ ሙሉ ለመሆን የተቃረበ ነው። ነጠላ የለበሰች ወጣት ሴት ሕፃን ታቅፋ ተቀምጣለች። ሕፃኑ ተንቀሳቅሷል፤ ፊቱ ደብዝዟል። እርሷ ግን ጥርት ብላ፣ ካሜራውን ሳይሆን ከካሜራው በስተግራ ያለ ሰው ትመለከታለች። ፎቶ ቤቶች ሲያትሙ ዳር ዳሩን ይቆርጡት ነበር፤ በኔጌቲቩ ላይ ግን የተሣለው ሐይቅ የሚያልቅበት፣ የሸራው ጠርዝ፣ ከጠርዙም ወዲያ ባዶው ግድግዳ ይታያል። በግድግዳው ሚስማር ላይ ኮቱ ተሰቅሏል። የግራው ክሳድ ጫፍ ታጥፏል።

ምንም ሳልቆርጥ አተምኩትና ለጋሼ አንድ ወሰድኩላቸው። ብዙ አዩት፤ ሴትዮዋን አላስታወሷትም። ኮቱን የገዙት ግን ከአንድ አርመን ልብስ ሰፊ መሆኑን፣ በስንት ብር እንደ ገዙት ጭምር፣ ነገሩኝ። ፎቶግራፉን የልጅ ልጃቸው ሞባይል የሚጠግንበት ሱቅ መስተዋት ላይ ለጠፍነው፤ ከዚራ ነው፣ ከዛፎቹ ሥር፣ የሚያልፈው ሰው ብዙ ነው። እስካሁን ሦስት ሰዎች ቆመው ጠይቀዋል። አንደኛዋ እናቴ ትሆን ብላ በማግስቱ ከእኅቷ ጋር ተመልሳ መጣች፤ ጆሮዋ አይደለም አሉ፣ ሄዱ።